ለመጠባበቂያ ቴፖች የሃርድዌር ወይስ የሶፍትዌር ምሥጠራ? በወሎ ላሉ የአይሲቲ ክፍሎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያና በዙሪያቸው ባሉ ሆስፒታሎች፣ የቁጠባና ብድር ተቋማት፣ ፋብሪካዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ሰርቨር የማስተዳደር ኃላፊነት ላለባቸው፣ የተቋማቸውንም መጠባበቂያ ቅጂ (ባክአፕ) ኤልቲኦ በተባለው የመግነጢስ ቴፕ ለሚይዙ ወይም ለመያዝ ላቀዱ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ቴፕ ከሚይዘው መረጃ አንጻር ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ከድራይቩ (ከሚጽፈውና ከሚያነበው መሣሪያ) ከወጣ በኋላ ከኔትወርክ ፈጽሞ የተለየ፣ በአግባቡ ከተያዘም ለረጅም ዓመታት የሚቆይ በመሆኑ ዛሬም ተፈላጊነቱ አልቀነሰም። ይሁን እንጂ በኮት ኪስ የሚገባ ዕቃ ነው፤ አንድ ሰው የሆስፒታሉን የሕሙማን መዝገብ በሙሉ በአንድ ቴፕ ይዞ ማንም ሳያየው በበሩ ሊወጣ ይችላል። ምሥጠራ፣ ማለትም መረጃውን ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ አድርጎ መለወጥ፣ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ምሥጠራው በቴፕ ድራይቩ ውስጥ ቢደረግም ሆነ በሰርቨሩ ላይ ባለ ሶፍትዌር ቢደረግ፣ በትክክል ከተሠራ ሁለቱም አስተማማኝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የሚጠቀሙት ኤኢኤስ-256 የተባለውን ስልት ሲሆን፣ ይህ ስልት እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ከጸደቀ ወዲህ በተግባር የሰበረው የለም። ስለዚህ «የትኛው ይበልጥ ጠንካራ ነው?» ብሎ መነሳት የትም አያደርስም። ውሳኔውን የሚወስነው የቁልፉ ጉዳይ ነው፦ ቁልፉ የት ይቀመጣል፣ ማን ይይዘዋል፣ ሰርቨሩ ራሱ በጠፋ ዕለትስ ከየት ይገኛል? ቀጥለው የተዘረዘሩት ደረጃዎች በሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የተሰናዱ ናቸው።

አንደኛ፦ የሚፈሩትን ነገር ለይተው በጽሑፍ ያስቀምጡ

ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትዎ ወይም ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመጫንዎ በፊት ተቋምዎ በእርግጥ የሚሰጋው ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ ለኃላፊዎም ያስፈርሙት። በእኛ አካባቢ ሥራ ላይ የሚያጋጥሙት ስጋቶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ቴፑ ብቻውን የሚጠፋበት ሁኔታ ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በመኪና ሲጓዝ ሊወድቅ፣ ከመደርደሪያ ሊሰረቅ፣ ወይም አገልግሎቱን ጨርሷል ተብሎ ሳይደመሰስ ሊጣል ይችላል። ሁለተኛው ቴፑ፣ ድራይቩና ሰርቨሩ አንድ ላይ የሚወሰዱበት ሁኔታ ነው። ሦስተኛው ደግሞ መረጃው ወደ ቴፑ ከመድረሱ በፊት በኔትወርክ ላይ እያለ ወይም በባክአፕ ሰርቨሩ ላይ ሥልጣን ባለው ሰው የሚታይበት ነው።

ሁለተኛውን ስጋት በሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎች በአንድ መስመር ያልፉታል። እኛ ግን እንደዚያ ማለፍ አንችልም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ከተሞቹ ሲያዙ፣ ሆስፒታሎችንና ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ ተቋማት ተዘርፈዋል። በዚያ ጊዜ የሆነው ነገር ሰርቨሩ፣ ቴፑና ቁልፉ በአንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡ ምሥጠራው ምንም ሊያደርግልን እንደማይችል በግልጽ ያሳያል። ስለዚህ በወሎ የሚሠራ ባለሙያ ሁለተኛውን ስጋት ከመጀመሪያው እኩል አድርጎ እንዲመዝነው አጥብቄ እመክራለሁ።

በዚሁ ገጽ ላይ የመረጃውን ዓይነት ይጨምሩበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ ተቋም ተገቢውን የጥበቃ እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል፤ የጤና መረጃ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው። የሕሙማን መዝገብ ወይም የደንበኞች ሒሳብ በቴፕ ላይ ካለ፣ ማመስጠር አለማመስጠር የአይሲቲ ክፍሉ ምርጫ ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛ፦ ያለዎትን ዕቃ ይፈትሹ

የሃርድዌር ምሥጠራ በኤልቲኦ ቴፖች ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ከአራተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ድራይቩ ኤልቲኦ-4 ሆኖ ቴፑ ኤልቲኦ-3 ከሆነ፣ መጻፍ ቢችልም መመስጠር አይችልም። በእርዳታ የተገኘ ወይም ያገለገለ ድራይቭ ይዞ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ይህን ሳያረጋግጥ ወደሚቀጥለው ደረጃ ማለፍ የለበትም። የቴፑ ትውልድ ባርኮድ ባለበት መለያ ወረቀት ጫፍ ላይ ይገኛል፤ ለምሳሌ «ኤል 6» የሚለው ምልክት ስድስተኛውን ትውልድ ያሳያል።

የትኛው ድራይቭ የትኛውን ቴፕ እንደሚያነብም ከወዲሁ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የተመሠጠረ ቴፕ ከዓመታት በኋላ ሲከፈት ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የሚያነበው ድራይቭም ሊኖር ይገባል። እስከ ሰባተኛው ትውልድ ድረስ ያሉት ድራይቮች ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ተመልሰው ያነባሉ፣ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ይጽፋሉ። የስምንተኛውና የዘጠነኛው ትውልድ ድራይቮች ግን የሚያነቡት የራሳቸውንና ከራሳቸው አንድ ትውልድ በፊት ያለውን ብቻ ነው፤ የአሥረኛው ትውልድ ድራይቭ ደግሞ የሚያነበው የራሱን ብቻ ነው። በኤልቲኦ-6 የተጻፈ ቴፕ በኤልቲኦ-8 ድራይቭ አይነበብም።

ቴፖቹን ራሱ የሚቀያይር ላይብረሪ ካለዎት፣ ቁልፍ የማስተዳደር አገልግሎቱ ተከፍቶ እንደሆነ አቅራቢውን በጽሑፍ ይጠይቁ። አንዳንድ አምራቾች ድራይቩ ምሥጠራ የሚችል ሆኖ ሳለ በላይብረሪው በኩል ለመጠቀም ለብቻው የሚከፈልበት ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ይህ በግዢ ሰነዱ ላይ ካልተካተተ በኋላ የበጀት ጣጣ ያመጣል።

ሦስተኛ፦ ፍጥነቱንና የቴፑን ይዘት ይለኩ

በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ መለካት ብቻ በቂ ነው። በድራይቩ ውስጥ የሚደረግ ምሥጠራ በፍጥነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ የማይታይ ያህል ትንሽ ነው። በሶፍትዌር የሚደረገውም ቢሆን ፕሮሰሰሩ የኤኢኤስ ትእዛዞች ካሉት ከባድ ሸክም አይሆንም፤ ኢንቴል እነዚህን ትእዛዞች በሰርቨር ፕሮሰሰሮቹ ላይ ማካተት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ሲሆን፣ በሊኑክስ ላይ የፕሮሰሰሩን ዝርዝር መግለጫ ከፍቶ መኖራቸውን ማየት ይቻላል።

ፍጥነትን የሚያንቀው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው። የኤልቲኦ-6 ድራይቭ ሳይጨመቅ በሰከንድ 160 ሜጋባይት ይጽፋል፤ የአንድ ጊጋቢት ኔትወርክ ግን ከ110 እስከ 115 ሜጋባይት ያህል ነው የሚያሳልፈው። መረጃው ለድራይቩ በሚበቃው ፍጥነት ካልደረሰ ቴፑ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል፤ ይህ ወዲያና ወዲህ ማለት ሥራውን ከማዘግየቱም በላይ ቴፑንና የድራይቩን ጭንቅላት ቶሎ ያስረጃል። መፍትሔው መረጃውን መጀመሪያ በባክአፕ ሰርቨሩ ዲስክ ላይ አከማችቶ ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ ቴፕ ማውረድ ነው። ከተቋምዎ እውነተኛ መረጃ 50 ጊጋባይት ያህል ወስደው አንዴ ያለ ምሥጠራ፣ አንዴ ከምሥጠራ ጋር ይጻፉና ሰዓቱን ይመዝግቡ። በሶፍትዌር የተሠራው በጣም ከዘገየ፣ ምሥጠራውን ከመውቀስዎ በፊት ኮምፕሬሽኑን (መረጃውን የመጨመቁን ሥራ) ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩን የሚይዘው እርሱ ነው።

ከኮምፕሬሽን ጋር የተያያዘ አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። የተመሠጠረ መረጃ አይጨመቅም። ድራይቩ ራሱ ሲያመሰጥር መጀመሪያ ጨምቆ ነው፤ ስለዚህ የቴፑ ይዘት አይቀንስም። ሶፍትዌሩ ሳይጨምቅ አመስጥሮ ከላከ ግን ድራይቩ የሚጨምቀው ነገር አያገኝም። በኤልቲኦ-6 ቴፕ ሽፋን ላይ የሚታየው 6.25 ቴራባይት የሚለው ቁጥር መረጃው ሁለት ተኩል እጥፍ ይጨመቃል ከሚል ግምት የመጣ ሲሆን፣ የቴፑ ትክክለኛ ይዘት 2.5 ቴራባይት ነው። የደንበኞች ሒሳብ የያዘ የመረጃ ቋት ጥሩ አድርጎ ስለሚጨመቅ ልዩነቱ ይሰማል፤ የራጅና የሲቲ ስካን ምስሎች ግን ብዙውን ጊዜ ቀድመው የተጨመቁ በመሆናቸው፣ ምስል የሚበዛበት ሆስፒታል በየትኛውም መንገድ ቢሄድ የሚያስፈልገው የቴፕ ብዛት ብዙም አይለያይም።

አራተኛ፦ ይምረጡ

የሃርድዌር ምሥጠራ ዋነኛ ጥቅሙ ቀላልነቱ ነው። ባክአፕ ሶፍትዌሩ ቁልፉን ለድራይቩ ይሰጠዋል፣ ድራይቩ እያንዳንዱን ብሎክ (የመረጃ ቁራሽ) ለየብቻ ያመሰጥራል፣ ሰርቨሩ ምንም አይጨናነቅም። ብሎኮቹ ለየብቻ መመስጠራቸው ከዓመታት በኋላ ያለውን ጥቅም ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ቴፑ በአንድ ቦታ ቢበላሽ የሚጠፋው በዚያ ቦታ ያለው ብቻ ሲሆን የቀረው ይነበባል። የአሠራር ደንቡ የኤልቲኦ መለኪያ አካል ስለሆነም፣ ቁልፉ በእጅዎ እስካለ ድረስ በአንድ አምራች ድራይቭ የተጻፈውን በሌላ አምራች ተመሳሳይ ትውልድ ድራይቭ ማንበብ ይቻላል።

ድክመቱ ሁለት ነው። መረጃው ከሰርቨሩ እስከ ድራይቩ ድረስ በኬብሉ ውስጥ የሚያልፈው ሳይመሠጠር ነው፤ ሦስተኛውን ስጋት አያስቀርም። ሁለተኛውና የሚከብደው ግን፣ የሚቆልፈውና የሚከፍተው አንድ ቁልፍ መሆኑ ነው። ባክአፑ በየሌሊቱ ያለ ሰው እንዲሠራ ከተፈለገ ያ ቁልፍ በባክአፕ ሰርቨሩ ላይ መኖር አለበት፤ ሰርቨሩና ቴፑ አብረው የተወሰዱ ከሆነ ሌባው መክፈቻውንም ይዟል ማለት ነው። የሰርቨሩን ዲስክ ራሱን መመስጠርና ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር የይለፍ ሐረጉን በእጅ ማስገባት ይህን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ቦታ ግን ሌሊት የተነሳ ሰርቨር ጠዋት ሰው እስኪገባ ድረስ ይጠብቃል፣ የዚያች ሌሊት ባክአፕም ይቀራል።

በሶፍትዌር ምሥጠራ ይህንን ችግር ከሥሩ የሚፈታ አማራጭ አለ፤ እርሱም ጂፒጂን የመሰሉ መሣሪያዎች የሚጠቀሙበት የጥንድ ቁልፍ አሠራር ነው። ከጥንዱ አንዱ የሚቆልፍ ብቻ፣ ሌላው የሚከፍት ብቻ ነው። በሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው የሚቆልፈው ሲሆን፣ የሚከፍተው ከሰርቨሩ ክፍል ውጪ፣ ከኔትወርክም ውጪ ይቀመጣል። አሠራሩ እንደ ሙዳየ ምጽዋት ነው፦ የሚያልፍ ሁሉ ሊጨምርበት ይችላል፣ የሚከፍተው ግን ቁልፉን የያዘው ብቻ ነው። ሰርቨሩ፣ ድራይቩና ቴፑ በአንድ መኪና ቢጫኑ እንኳ ወሳጁ የሚከፍትበት ነገር አያገኝም። ከቅርንጫፍ ቢሮዎች በኔትወርክ የሚመጣ መረጃም ከመነሻው ተመስጥሮ ስለሚላክ በመንገድ ላይ አይታይም።

ይህም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። መረጃው በሙሉ እንደ አንድ ረጅም ፋይል ከተመሠጠረ በመካከል የተፈጠረ አንድ ብልሽት ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ሊያበላሽ ስለሚችል፣ አስቀድሞ በልክ ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ማመስጠር ያስፈልጋል። አንዳንድ ሶፍትዌሮች የሚመሰጥሩት የፋይሉን ይዘት ብቻ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ባኩላ ለምሳሌ የፋይል ስሞችን አይመሰጥርም፣ የሕሙማን ስም በፋይል ስም ላይ የሚጻፍበት ሆስፒታል ካለ ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። ከዚህም ሌላ ሶፍትዌሩ ራሱ፣ ከነቅጂ ቁጥሩ፣ ከዓመታት በኋላ መገኘት አለበት፤ ስለዚህ የመጫኛውን ፋይል ሳይመሠጠር በሌላ ዲስክ ያስቀምጡ።

እንግዲህ የኔ ምክር የሚከተለው ነው። ተቋምዎ አንድ ሕንፃ ውስጥ ያለ፣ ድራይቩ በቀጥታ ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘ፣ ሠራተኛው ጥቂት የሆነና ዋነኛ ስጋቱ ቴፕ በመጓጓዣ ላይ መጥፋቱ ብቻ ከሆነ፣ ሃርድዌሩን ይምረጡ፤ ጥቂት ነገር ስለሚነካካ የሚበላሽበትም ጥቂት ነው። ሰርቨሩ ከቴፑ ጋር አብሮ ሊወሰድ ይችላል ብለው በመጀመሪያው ደረጃ ከጻፉ፣ ቁልፉንም ሁልጊዜ ከሰርቨሩ ውጪ ለማቆየት ቃል መግባት ካልቻሉ፣ የጥንድ ቁልፍ ያለውን የሶፍትዌር ምሥጠራ ይምረጡ። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሆስፒታሎችና የብድር ተቋማት የሚስማማው አብዛኛውን ጊዜ ይኸኛው ነው የሚል እምነት አለኝ። ሁለቱን በአንድ ቴፕ ላይ ደራርቦ መጠቀም ግን የሚጠበቁትን ቁልፎች ከማብዛት በቀር ብዙ አይጨምርም።

የትኛውም ቢመረጥ፣ በትክክል የተመረጠው ሥራ ላይ መዋሉን ያረጋግጡ። ቪም የተባለው ሶፍትዌር ለምሳሌ ምሥጠራ ሲታዘዝ ድራይቩ የሚችል ከሆነ የሃርድዌሩን ያስቀድማል፤ ተጠቃሚው በሶፍትዌር መስሎት ሊቀር ይችላል።

አምስተኛ፦ ቁልፉን ያዘጋጁ፣ ለብዙ ዓመትም ያስቀምጡ

ቴፕ ተበላሽቶ ከሚጠፋው መረጃ ይልቅ ቁልፍ ጠፍቶ የሚቀረው ይበልጥ ያስቆጫል፤ መረጃው በእጅ እያለ ማንም ሊያነበው አይችልምና። ስለዚህ ከሁሉም ደረጃዎች ረጅሙን ጊዜ ለዚህኛው ይስጡ።

የሃርድዌር ቁልፍ 256 ቢት ነው፤ በጽሑፍ ሲወጣ ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኃዞችና ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» ያሉትን የላቲን ፊደላት የያዘ 64 ምልክት ይሆናል። ሰው አስቦ የሚጽፈው ቁልፍ ደካማ ስለሆነ፣ በኮምፒውተሩ የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪ እንዲወጣ ያድርጉ። ከዚያ በወረቀት ላይ በአራት በአራት ምልክት ከፋፍለው፣ 16 ቡድኖች አድርገው በትልልቅ ፊደል ያትሙት። ማተሚያው በኔትወርክ የተገናኘ ባይሆን ይመረጣል። አንድ ሰው ከወረቀቱ ላይ እያነበበ ሌላው ወደ ኮምፒውተር እንዲያስገባ አድርገው፣ አንድም ምልክት ሳይዛባ መግባቱን እዚያው ያረጋግጡ።

የይለፍ ሐረግ የሚጠቀሙ ከሆነ በአማርኛ ፊደል አይጻፉት። «ሰላም» እና «ሠላም»፣ «ሀገር» እና «ሐገር» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሐረጉን ያወጣው ሰው በየትኛው «ሰ» እንደጻፈ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያስታውስ አይኖርም፤ ሰርቨሩ ገና ሲነሳ በሚመጣው ጥቁር ገጽ ላይም የአማርኛ ኪቦርድ አይገኝም። በላቲን ፊደላትና በአኃዝ፣ ረጅምና እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ቃላት አድርገው ይጻፉት።

የቁልፉ መለያ ስም ላይ ዓመት ሲጽፉ የየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ይጨምሩ። «የ2017 ቁልፍ» የሚል ፖስታ በኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ባክአፕ ሶፍትዌሩ የሚመዘግበው በፈረንጅ ስለሆነ፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት በሚለያይ ቀን ምክንያት ትክክለኛው ቁልፍ እያለ የተሳሳተው ሊሞከር ይችላል። ቀላሉ መንገድ ለቁልፎቹ ከ1 ጀምሮ ተራ ቁጥር መስጠትና ሁለቱንም ቀኖች በቁልፍ መዝገቡ ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ነው።

የታተመውን ቁልፍ፣ ወይም በጥንድ ቁልፍ አሠራር የሚከፍተውን ቁልፍ፣ በሁለት ፖስታ ያሽጉ፤ በፖስታው መዝጊያ ላይ ሁለት ሰው ይፈርምበት፣ የተቋሙ ማኅተምም ይረፍበት። አንዱ በፋይናንስ ክፍሉ ካዝና ይቀመጥ። ሁለተኛው ከአካባቢው ይውጣ። ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያሉ፣ በ2014ቱ ጦርነትም በቀናት ልዩነት የተያዙ ከተሞች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ ሊሆን የሚችለው ለእሳትና ለስርቆት እንጂ ለእንዲህ ያለ ክስተት አይደለም። በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያለችው አዲስ አበባ፣ በዋናው መሥሪያ ቤት ወይም በባንክ ኪራይ ሣጥን በኩል፣ ለሁለተኛው ፖስታ ተስማሚ ናት። ቁልፉና ቴፑ በአንድ ቦርሳ አይጓዙ፣ በአንድ ካዝናም አይደሩ። የአይሲቲ ባለሙያው ከሥራ ሲለቅ ወይም ሲዛወር ቁልፎቹ ከሌሎቹ የመንግሥት ወይም የድርጅት ንብረቶች ጋር በርክክብ ሰነዱ ላይ በዝርዝር እንዲሰፍሩ ከአስተዳደር ክፍሉ ጋር ይስማሙ።

ስድስተኛ፦ ሥራ ላይ ያውሉት፣ መመስጠሩንም በዓይንዎ ይዩ

በሃርድዌር አሠራር ትልቁ ወጥመድ የመብራት መጥፋት ነው። ድራይቩ ቁልፉን የሚይዘው ኃይል እስካለው ድረስ ብቻ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቁልፉ ከውስጡ ጠፍቷል። ይህ ለጥበቃ ሲባል ታስቦ የተሠራ ነው። ቁልፉን በእጅ ወይም በሊኑክሱ «ስቴንክ» መሣሪያ አንዴ ብቻ አስገብተው ከሆነ ግን፣ በቀጣዩ ሌሊት ድራይቩ ምንም ሳያማርር መረጃውን ሳይመሠጠር ሊጽፈው ይችላል፤ ሪፖርቱም «ተሳክቷል» ይላል። ስለዚህ ባክአፑን የሚያስጀምረው ስክሪፕት በየጊዜው መጀመሪያ ቁልፉን እንዲያስገባ፣ ቀጥሎ የድራይቩን ሁኔታ እንዲጠይቅ፣ ምሥጠራው ካልበራ ደግሞ ሥራውን አቁሞ መልእክት እንዲልክ አድርገው ያዘጋጁት። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) መኖሩ ይህን ፍተሻ አያስቀረውም።

እንደ ባሬኦስ ያሉ ሶፍትዌሮች ለእያንዳንዱ ቴፕ የተለየ ቁልፍ አውጥተው በራሳቸው ያስገባሉ፤ ይህ ከላይ ያለውን ችግር ያስቀራል። ቁልፎቹ የሚመዘገቡት ግን በሶፍትዌሩ ካታሎግ (ምን በየትኛው ቴፕ ላይ እንዳለ በሚይዝበት የመረጃ ቋት) ውስጥ ነው። የካታሎጉ ቅጂ ያለው በተመሠጠረው ቴፕ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ቴፑን ለመክፈት ካታሎጉ፣ ካታሎጉን ለማግኘት ደግሞ ቴፑ ያስፈልጋል። የካታሎጉን ቅጂ በየቀኑ ወደ ሌላ ቦታ ያውጡ፤ ካታሎጉ ውስጥ ያሉት ቁልፎች የታሸጉበትን ዋና ቁልፍ ደግሞ በአምስተኛው ደረጃ እንደተባለው በፖስታ ያስቀምጡ።

የጊዜ ሰሌዳውን ሲሞሉ ሶፍትዌሩ የሚጠብቀው የ24 ሰዓት አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ማለት 02፡00 ነው።

መመስጠሩን ለማረጋገጥ በአንድ ባዶ ቴፕ ላይ ጥቂት ፋይሎች ይጻፉ። በሃርድዌር ከሆነ ቁልፉን ከድራይቩ አስወግደው፣ ቴፑን ወደ መጀመሪያው መልሰው ለማንበብ ይሞክሩ፤ ድራይቩ በስሕተት መልእክት እምቢ ማለት አለበት። ቀጥሎ ሆን ብለው የተሳሳተ ቁልፍ ያስገቡ፤ አሁንም እምቢ ማለት አለበት። በመጨረሻ ትክክለኛውን ያስገቡና ፋይሎቹ መውጣታቸውን ይዩ። በሶፍትዌር ከሆነ፣ ከቴፑ ላይ ጥቂት ሜጋባይት በጥሬው ወደ ዲስክ አውጥተው የሚነበብ ስም ወይም ቃል እንዳለበት ይፈልጉ፤ አንድ የሚታወቅ የደንበኛ ስም ከተገኘበት ምሥጠራው አልሠራም ወይም የፋይል ስሞችን አልሸፈነም።

ሰባተኛ፦ በሌላ ማሽን ላይ መልሰው ያውጡ

ባክአፑን በሠራው ሰርቨር ላይ የተደረገ የመመለስ ሙከራ ስለ ቁልፉ ምንም አያረጋግጥም፤ ቁልፉ እዚያው ሰርቨር ላይ ካለ ሁልጊዜም ይሳካል። ሙከራው ዋጋ የሚኖረው ሰርቨሩ የለም ብለው ሲነሱ ነው። አዲስ ስርዓተ ክወና የተጫነበት ሌላ ኮምፒውተር፣ ቴፑና የታሸገው ፖስታ ብቻ ይዘው ይጀምሩ። ሁለተኛ ድራይቭ ከሌለዎት ያለዎትን ነቅለው ከዚያ ኮምፒውተር ጋር ያገናኙት፤ በአካባቢው ተመሳሳይ ትውልድ ድራይቭ ካለው ሌላ ተቋም ጋር በሙከራ ቀን ለመተባበር በደብዳቤ መስማማት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ነው።

ሙከራውን ስርዓቱን ያላዘጋጀው ባልደረባ፣ የተጻፈውን መመሪያ ብቻ እያነበበ ይሥራው። እርስዎ አጠገቡ ቁጭ ብለው የጠየቀዎትን ሁሉ ይመዝግቡ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ በመመሪያው ላይ የጎደለ አንድ መስመር ነው። የወጣውን የመረጃ ቋት ከፍተው መዝገቦች መኖራቸውን ሳያዩ ተሳክቷል አይበሉ። ፖስታው ለሙከራ ከተከፈተ በኋላ በአዲስ ፖስታ፣ በአዲስ ፊርማ ይታሸግ። ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እንዲሁም ድራይቭ ወይም ሶፍትዌር በተቀየረ ቁጥር ይደረግ።

ስምንተኛ፦ ማጓጓዝ፣ ማስቀመጥና ማስወገድ

በቴፑ መለያ ላይ ባርኮዱንና ተራ ቁጥሩን ብቻ ያስፍሩ፤ የተቋሙ ስም ወይም «የደመወዝ መረጃ» የሚል ጽሑፍ ለሌባ ጥቆማ ነው። ቴፑን በጠንካራ ሣጥኑ ውስጥ አድርገው ያጓጉዙ፤ በመኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አያስቀምጡት። ከደሴ ብርድ ተነስቶ በሃረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት የወረደ ቴፕ ከ600 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት አልፏልና፣ ወዲያው ወደ ድራይቭ ከገባ ጤዛ ሊይዝ ይችላል፤ እስከ 24 ሰዓት ድረስ በሣጥኑ እንዳለ በሚነበብበት ክፍል ውስጥ ይቆይ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ቴፕ ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከ20 እስከ 50 በመቶ የአየር እርጥበት ይፈልጋል። የደሴ ክረምት ጉም የእርጥበቱን ልክ ስለሚያሳልፈው፣ በካዝናው ውስጥ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ማድረግና በየወሩ መፈተሽ ያስፈልጋል።

አዲስ ቁልፍ በወጣ ጊዜ አሮጌው አይጣል። በእርሱ የተመሠጠረ የመጨረሻው ቴፕ እስካለ ድረስ በመዝገቡ ላይ ይቆያል፤ የትኛው ቴፕ በየትኛው ተራ ቁጥር ቁልፍ እንደሚከፈት የሚያሳየውም ይኸው መዝገብ ነው። የቴፖቹ የማቆያ ጊዜ ሲያበቃ ግን ሁለቱም ፖስታዎች፣ ካታሎጉ ላይ ያለውም ቅጂ በኮሚቴ ፊት ይጥፉ፣ ቃለ ጉባኤም ይያዝበት፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ ያልታወቀ የዚያ ቁልፍ ቴፕ ቢኖር እንኳ የሚያነበው አይኖርም። ቴፖቹ ራሳቸው ከመወገዳቸው በፊት ደግሞ ሣጥናቸው ተከፍቶ ሪባኑ በመቀስ ይቆራረጥ፤ ከመዝገቡ ላይ የሚሰረዙትም ይህ መደረጉን ሁለት ሰው በፊርማው ሲያረጋግጥ ነው።